ተራራው ቅርብ፣ መመለሻው ሩቅ



ክረምቱ አልፎ፣ ጭቃው ጠፍፎ፣ ሜዳውም ጋራውም በአደይ አበባ በሚያሸበርቅበት በዚህ ወር ሰው ሁሉ ከቤቱ መውጣት ያምረዋል። የደመራው ፍም ከከሰመ ሳምንት ሳይሞላ መስከረም 21 ቀን የግሸን ደብረ ከርቤ ክብረ በዓል ይደርሳል፤ ጥቅምት 5 ቀን ደግሞ የዝቋላው አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ይከተላል። ሁለቱም የተራራ ላይ በዓላት ናቸው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህም ከበዓል ጋር ሳያያይዝ፣ ለጤናውና ለመንፈሱ ዕረፍት ሲል በሰንበት ቀን ተራራ የሚወጣው የከተማ ወጣት በርክቷል። ከዚህ ሁሉ ተጓዥ መካከል የራሱ መኪና ያለው እጅግ ጥቂቱ ነው። ታዲያ ሌላው እንዴት ይሄዳል? ይልቁንም እንዴት ይመለሳል? በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንኑ ነው።

ደብር የሚለው የግእዝ ቃል መነሻ ትርጉሙ ተራራ ማለት ነው። ደብረ ሲና፣ ደብረ ታቦር፣ ደብረ ዘይት የሚሉት ስሞች ይህንኑ ይመሰክራሉ፤ ቤተ ክርስቲያንን ደብር ብለን የምንጠራውም ከዚሁ በመነሣት ነው። አበው ገዳማቸውን በተራራ ራስ ላይ ሲመሠርቱ ወደዚያ የሚመጣው ምእመን በእግሩ እንደሚመጣ ያውቁ ነበር። ተሳላሚውም በሶውንና ቆሎውን ቋጥሮ፣ በትሩን ይዞ፣ ቀን እየተጓዘ ሌሊት በየመንደሩ «የእግዜር እንግዳ» እያለ ያድር ነበር። አካሄዱ ድካም የበዛበት ይሁን እንጂ አንድ ትልቅ ጥቅም ነበረው፤ በእግሩ የመጣ ሰው መመለሻውንም ይዞ ይመጣል። ከመሸበት ያድራል፤ ሲነጋ መንገዱን ይቀጥላል። የዛሬው ችግር የተወለደው መንገዱ እኩሌታው በመኪና፣ እኩሌታው በእግር ከሆነ በኋላ ነው።

በሀገራችን ያለው ተሽከርካሪ በጠቅላላው ከአንድ ሚሊዮን ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ሕዝቡ ግን ከ120 ሚሊዮን በላይ ነው። ከተሽከርካሪዎቹም ብዙዎቹ የጭነት፣ የሕዝብ ማመላለሻ ወይም የመሥሪያ ቤት ስለሆኑ የቤት መኪና ያለው ቤተሰብ ምን ያህል ጥቂት እንደሆነ መገመት አያዳግትም። በአዲስ አበባ እንኳ በየዕለቱ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ የማያንሰው በእግር የሚደረግ ነው። እንግዲያው «መኪና የሌለው ሰው ወደ ተራራ እንዴት ይሂድ?» የሚለው ጥያቄ የሕዝቡ ሁሉ ጥያቄ ነው ማለት ይቻላል። ነገር ግን ስለ መናፈሻዎችና ስለ ፓርኮች ሲነገር የመኪና ማቆሚያው ስፋት ሲወደስ እንሰማለን እንጂ የመጨረሻው ታክሲ ከዚያ በስንት ሰዓት እንደሚነሣ ሲነገር እምብዛም አንሰማም።

የሕዝብ ትራንስፖርታችን፣ ሚኒባሱም ይሁን ቅጥቅጡ፣ የሚንቀሳቀሰው በአንድ ያልተጻፈ ሕግ ነው፤ ሳይሞላ አይወጣም። ይህ ሕግ ጠዋት በመናኸሪያ ውስጥ መልካም ሆኖ ይሠራል። በቃሊቲ፣ በላምበረት ወይም በአየር ጤና የሚገኝ ተሳፋሪ ረዳቱ «አንድ ሰው፣ አንድ ሰው» እያለ ሲጣራ ሰምቶ ይገባል፤ መኪናው ጥቂት ቆይቶ ይሞላል፤ ይሄዳል። ያው ሕግ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ በአንድ ተራራ ግርጌ ሲታይ ግን ሌላ መልክ አለው። በዚያ ቦታና በዚያ ሰዓት የሚሳፈረው ሰው ሦስት ወይም አራት ቢሆን ነው። መኪናው እንደማይሞላ ሾፌሩ አስቀድሞ ስለሚያውቅ አይመጣም። ከዚህም የተነሣ ከቤት እስከ ተራራው ለመድረስ ሁለት ሰዓት የፈጀበት ሰው ለመመለስ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል፤ አንዳንዴም ያድራል። ባለመኪናው መኪናውን ሲገዛ ከሁሉ በፊት የገዛው ይህን መመለሻ ነው።

ዝቋላን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ከባሕር ጠለል በላይ 2,989 ሜትር ከፍታ ያለው ይህ ተራራ ከቢሾፍቱ ከተማ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል፤ በራሱም ላይ ጥንታዊው ገዳምና የጠፋ እሳተ ገሞራ አፍ የያዘው ሐይቅ አሉ። ጥቅምት 5 ወይም መጋቢት 5 ቀን ወደዚያ የሄደ ሰው የትራንስፖርት ችግር አለ ቢሉት ላያምን ይችላል። ሕዝቡ በአንድ ሰሞን ወጥቶ በአንድ ሰሞን ስለሚመለስ መኪናው ሲሄድም ሲመለስም ሙሉ ነው። ያው ሰው በኅዳር ወር በአንድ ተራ ማክሰኞ ቢነሣ ግን እስከ ቢሾፍቱ ያለ ሐሳብ ይደርስና ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ልመና ይሆንበታል። ወይ የገበያ ቀን ይጠብቃል፤ ወይ ባጃጅ ወይም ሚኒባስ በኮንትራት ይይዛል፤ ወይም በጭነት መኪና ላይ ይንጠላጠላል። የኮንትራቱ ዋጋ የሚንረው ሾፌሩ ስግብግብ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ባዶውን የሚመለስበትን መንገድ ጭምር ስለሚያስከፍል ነው።

በዝቋላ መንገድ ላይ ከዚህ የከበደ ነገርም ደርሷል። በየካቲት ወር 2016 ዓ.ም. አራት የገዳሙ መነኮሳት መገደላቸው ይታወሳል። የጸጥታ ስጋት ባለበት መንገድ ባለመኪናውም እግረኛውም እኩል ይፈራሉ፤ ዳሩ ግን ባለመኪናው ክፉ ወሬ በሰማበት ቦታ መሪውን አዙሮ መመለስ ሲችል፣ ሌላው የመጣበት መኪና ጥሎት ከሄደ ቆይቷል። ስለዚህ የመመለሻ ነገር የምቾት ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባውም።

ወደ ከተማው እንቅረብ። ዐፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑበት የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ያለበት ተራራ ለአዲስ አበባ ነዋሪ እንደ ጓሮ ነው። እስከ ሽሮ ሜዳ በታክሲ፣ ከዚያም ወዲያ በሌላ ታክሲ ወይም በእግር ይወጣል። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ከተከፈተ ወዲህ ቦታው ብዙ ጎብኚ አግኝቷል፤ መንገዱም ታንጿል። ከሽሮ ሜዳ በላይ ያለው ዳገት ግን መኪና ላለው የዐሥር ደቂቃ፣ ለሌለው ደግሞ እንደ ቀኑ ነው። እዚህ ላይ ሳይጠቀስ የማይታለፍ ነገር አለ። ይህን ተራራ ከማናችንም በላይ በእግራቸው የሚያውቁት ከባሕር ዛፉ ደን ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው ቁልቁል ሲወርዱ የኖሩት እናቶች ናቸው። ታክሲ አልጠበቁም፤ ሸክማቸውም ከራሳቸው ክብደት የማይተናነስበት ጊዜ ነበር። ስለ እግር ጉዞ ጥቅም ለሕዝባችን ትምህርት እንሰጣለን የሚሉ ወጣቶች ይህን ቢያስቡት መልካም ነው።

በምዕራብ በኩል ደግሞ በወጨጫ ተራራ ላይ፣ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ትእዛዝ ተተከለ የሚባለው የመናገሻ ሱባ ደን አለ። ከአየር ጤና እስከ ሰበታ ድረስ ታክሲ ሞልቷል። ከሰበታ ወደ ደኑ የሚያስገባው የጠጠር መንገድ ግን ለእግረኛ ረጅም፣ ለሚኒባስ አትራፊ ያልሆነ ነው። የዘመናት ዕድሜ ያላቸው ጽዶች በከተማችን አፍንጫ ሥር ቆመው ሳለ ብዙው የአዲስ አበባ ልጅ አይቷቸው የማያውቀው ስለዚህች የመጨረሻ ቁራጭ መንገድ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ሳይሞላ አይወጣም ለሚለው ሕግ ሕዝባችን የራሱን መፍትሔ ካገኘ ቆይቷል። እርሱም ማኅበር ነው። በየደብሩ በር ላይ «ጉዞ ወደ ግሸን»፣ «ጉዞ ወደ ዝቋላ» የሚል ጨርቅ ተሰቅሎ እናያለን። አሠራሩ ቀላል ነው። ማኅበሩ አውቶቡስ ይከራያል፤ ኪራዩን፣ ነዳጁንና የሾፌሩን አበል በሰው ቁጥር ያካፍላል፤ ሰው ሳይሞላ ቀኑ እንዳይደርስ አስቀድሞ ይመዘግባል። ተጓዡ የሚከፍለው ገንዘብ ከመደበኛው ታሪፍ ከፍ ይላል፤ ይህም የሆነበት ምክንያት መኪናው ደርሶ ስለማይመለስ ነው፤ እዚያው ቆሞ ይጠብቃል። ምእመኑ ያን ትርፍ ብር የሚከፍለው ለመኪናው መጠበቅ ነው። በእንዲህ ያለው ጉዞ ብቻቸውን ከቤት መውጣት የማይችሉ አሮጊት ሳይቀሩ በልጆቻቸው ተደግፈው ተራራ ላይ ይደርሳሉ፤ መዝሙሩም፣ አብሮ የሚቀርበው ዳቦና ቆሎም የመንገዱን ርዝመት ያስረሳል። ጉድለት የለበትም ማለት አይደለም። ትርፍ ሰው አሳፍሮ በመተላለፊያው ላይ በርጩማ የሚደረድር አስተባባሪ አለ። ወንበር ሞልቷል ብሎ ሰው መመለስ ነውር የሚመስለው ሞልቷል፤ አደጋ ሲደርስ ግን በርጩማ ላይ የተቀመጠው ሰው የሚይዘው ነገር የለውም።

በሰንበት ተራራ የሚወጡት ወጣቶች ይህንኑ ዘዴ ወርሰዋል። የሚሄዱበትን ቀንና ቦታ በስልክ ይነጋገራሉ፤ መዋጮውን በቴሌብር ይከፍላሉ፤ ገና ከማለዳው 12 ሰዓት በአንድ አደባባይ ተሰብስበው በኮስትር ወይም በሚኒባስ ይጓዛሉ፤ መኪናው ጠብቆ ይመልሳቸዋል። ስሙ ሌላ ይሁን እንጂ ማኅበር ነው። አንዳንድ አባቶች «ያለ ጸሎት ተራራ መውጣት ምን ይረባል?» ሲሉ ይሰማል። ይህ ጸሐፊ በዚህ አይስማማም፤ በጤና ወጥቶ በጤና የተመለሰ ወጣት ማንንም አልበደለም። ቅር የሚያሰኘው ተራራው ላይ ጥሎት የሚመለሰው የውኃ ላስቲክ ነው፤ ከዚህ ነቀፋ ግን ተሳላሚውም አያመልጥም።

የማኅበሩ መንገድ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየከበደ መጥቷል። መንግሥት ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማን ደረጃ በደረጃ የማንሣት ፖሊሲ ሥራ ላይ ካዋለ ወዲህ የነዳጅ ዋጋ በተደጋጋሚ ተሻሽሏል፤ በ2017 ዓ.ም. የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ ከ100 ብር አልፏል። ለሕዝብ ማመላለሻ የታለመ ድጎማ መደረጉ የከተማውን ታሪፍ በመጠኑ ቢያረጋጋም፣ በኮንትራት የሚያዝ መኪና ዋጋ የሚቆረጠው በድርድር ነው። ውጤቱ በየቤቱ ይታያል። ቀድሞ አራት ሆኖ ይሄድ የነበረ ቤተሰብ ዛሬ ሁለት ልኮ ሁለት ያስቀራል፤ የሚቀሩትም ብዙውን ጊዜ ልጆቹ ናቸው።

ከሌላው ዓለም አንድ አሠራር ለንጽጽር ብንጠቅስ ስዊዘርላንድ ትመቻለች፤ እርሷም እንደኛ የተራራ አገር ናትና። በዚያ አገር የፖስታ ድርጅቱ ቢጫ አውቶቡሶች እጅግ ርቀው ወደሚገኙ የተራራ መንደሮች ይመላለሳሉ፤ የመጀመሪያው የሞተር አውቶቡስ መሥመራቸው ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1906 ነው። አውቶቡሱ የሚነሣው ባቡሩ በሚደርስበት ሰዓት ተመጥኖ ነው፤ ተሳፋሪው አንድ ሰው ቢሆንም ሰዓቱ ሲደርስ ይሄዳል። ዜርማት በተባለችው፣ ከታላቁ ከማተርሆርን ተራራ ሥር ባለች መንደር ደግሞ ተራ መኪና ጨርሶ አይገባም፤ ባለመኪናውም ሆነ ድኻው ከአምስት ኪሎ ሜትር በፊት ወርዶ በባቡር ይሄዳል። አገሩ ሀብታም ስለሆነ ነው ይባል ይሆናል፤ እውነት ነው። ቢሆንም የሰዓት ሰሌዳ ለጥፎ በሰዓቱ መነሣት የተጀመረው አገሩ የዛሬውን ያህል ሀብታም ከመሆኑ አስቀድሞ ነው።

በእኛም አገር መልክዓ ምድሩ ራሱ የሚያግዝበት ቦታ አለ። መስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት የሚገኘው ዲንሾ ላይ፣ ከሻሸመኔ ወደ ሮቤ በሚወስደው አውራ መንገድ ዳር ነው። ሮቤ የሚሄደው አውቶቡስ የግድ ስለሚያልፍበት ተሳፋሪው «ወራጅ አለ» ማለት ብቻ ይበቃዋል። ከዚያም አልፎ ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚሄደው የሕዝብ መኪና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የሳነቴን አምባ አቋርጦ፣ 4,377 ሜትር በሚደርሰው በቱሉ ዲምቱ ግርጌ ያልፋል። የገበያ ሴት ከዶሮዋ ጋር ተቀምጣ በምታልፍበት መስኮት ቀይ ቀበሮ ሊታይ ይችላል። ይህን መንገድ የፈጠረው በመንደሮች መካከል ያለው የዘወትር ንግድ እንጂ የጎብኚ ብዛት አይደለም። ወደ ስሜን ተራሮች የሚሄደውም እንዲሁ ከጎንደር እስከ ደባርቅ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል በሕዝብ መኪና ይሄድ ነበር፤ ሆኖም ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተፈጠረው ግጭት ሳቢያ ያ መንገድ እንደ ቀድሞው አስተማማኝ መሆኑ ቀርቷል። ሰላም በሌለበት የሰዓት ሰሌዳ ምንም አይፈይድም።

ሰላም ባለበት፣ በከተማው ዙሪያ ግን ሊደረግ የሚችል ነገር አለ፤ ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም። በዓል በደረሰ ቁጥር የትራንስፖርት ቢሮዎች ተጨማሪ ተሽከርካሪ ማሰማራታቸውን ይገልጻሉ። የሚሰማራው መኪና አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው በመነሻው፣ በመናኸሪያው በር ላይ ነው። ከእነዚህ አውቶቡሶች ጥቂቶቹ በእሑድና በበዓል ቀን ወደ እንጦጦ፣ ወደ መናገሻ ሱባና ወደ ዝቋላ ግርጌ እንዲሄዱ ቢደረግና ከዚያ የሚመለሱበት ሰዓት በሰሌዳ ላይ ቢጻፍ፣ ለምሳሌ «ከቀኑ 10 ሰዓት፣ ቢሞላም ባይሞላም» ተብሎ፣ ሕዝቡ ራሱ ያንን ሰዓት እያየ ጉዞውን ያቅዳል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ወንበሩ ባዶ ሊመጣ ይችላል። ሰው የማይሄደው መመለሻ እንደሌለ ስለሚያውቅ ነውና መመለሻ መኖሩን እስኪያምን ጊዜ ይፈልጋል። የወረዳ አስተዳደሮችም የባጃጅ ማኅበራትን ጠርተው በበዓል ቀን ከመናኸሪያ እስከ ተራራው ግርጌ ያለውን ታሪፍ ቢወስኑና በግልጽ ቢለጥፉ ከጭቅጭቅ ያድናል።

እስከዚያው ግን መስከረም 21 ቀን ደርሷል፤ ብዙ ቤተሰብም ለግሸን ተመዝግቦ ይሆናል። ግማደ መስቀሉ ያረፈባት ግሸን ዙሪያዋ ገደል የሆነ፣ በመስቀለኛ ቅርጽ የተቀመጠች አምባ ናት። በመካከለኛው ዘመን የነገሥታት ልጆች ይጠበቁባት የነበረችውም ወጥቶ መውረድ አስቸጋሪ ስለሆነ ነው፤ የመመለሻ ችግር በዚያች ተራራ ላይ የቆየ ነው ማለት ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዚያ ወዲያ ደግሞ የተራራው መንገድ አለ። የመንገዱን ጸጥታ ሁኔታ ከመነሣት በፊት ማጣራት እንደሚያስፈልግ ሁሉም ያውቃል። ብዙ ጊዜ የማይጠየቀው የሾፌሩ ነገር ነው።

ሾፌሩ ሕዝቡን ቀኑን ሙሉ ነድቶ ያደርሳል። ምእመናኑ ወደ ላይ ወጥተው በማኅሌትና በጸሎት ሲያድሩ እርሱ በብዙ መኪና መካከል በብርድ፣ በጥሩንባና በመዝሙር ድምፅ መሐል መሪው ላይ ተደፍቶ ያድራል። ቅዳሴው እንዳበቃ ሁሉም «ነገ ሥራ አለብን» እያለ ያጣድፈዋል። ያልተኛው ሰው በኮምቦልቻ በኩል ወርዶ፣ ማታ ላይ በጣርማ በር ዳገት ጉም ውስጥ ስልሳ ነፍስ ይዞ ይገባል። አንድ ተጨማሪ ሾፌር ወይም አንድ ተጨማሪ አዳር ለስልሳ ሰው ሲካፈል በነፍስ ወከፍ የሚደርሰው ጥቂት ብር ነው። ስለዚህ የጉዞውን ዋጋ ለአስተባባሪው ከመክፈላችሁ በፊት በሒሳቡ ውስጥ የሁለተኛ ሾፌር አበል መኖር አለመኖሩን፣ ከሌለም ሾፌሩ የት እንደሚተኛ ጠይቁ።